ቋጥኙ ስንት ይመዝናል?

ለግቢና ለአትክልት ቦታ ማሳመሪያ የሚሆን ትልልቅ ድንጋይ ስለማንቀሳቀስ የሚደርሱን ጥያቄዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ያርፋሉ፤ ድንጋዩ ሳይነሳ ክብደቱ እንዴት ይታወቃል? ሰው ይህን ገመድ ሳይበጠስና ማሽን ሳይገለበጥ ቀድሞ ሲጠይቅ ደስ ይላል። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለድንጋይ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለግቢዬ አንድ ቋጥኝ መርጫለሁ። ርዝመቱ 1.4 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ሻጩ "ሦስት ቶን ይሆናል" አለኝ። የሎደሩ ሹፌር ደግሞ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየውና "አንድ ቶንም አይሞላ" አለ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም እንዳለ አትቀበል፣ ወንድሜ። ግን ቁጥራቸውን ከየት እንዳመጡት ብታውቅ ይጠቅምሃል።

ሻጩ ሦስቱን ልኬት አባዝቷል። 1.4 በ1 በ0.8 ሲባዛ 1.12 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንድ ሜትር ኩብ ጠጣር ድንጋይ 2.7 ቶን ገደማ ስለሚመዝን 3 ቶን ወጣለት። ድንጋይህ ጥግ በጥግ የሞላ ሳጥን ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ልክ ነበር። ቋጥኝ ግን ጎኑ ገባ ይላል፣ አናቱ ይጠባል፣ ጠርዙ ይከብባል። ያ ሁሉ ባዶ ቦታ በሻጩ ሒሳብ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቆጥሯል።

የሹፌሩ ዓይን ደግሞ ምናልባት የለመደው ጠጠር ነው። የተፈጨ ጠጠር በመሃሉ አየር ስላለው አንድ ሜትር ኩቡ 1.5 ቶን ገደማ ብቻ ነው የሚመዝነው። በዚያ ዓይን ከታየ ድንጋይህ እውነትም አንድ ቶን የማይሞላ ይመስላል። ቋጥኝ ግን እስከ ውስጡ ድንጋይ ነው።

አሠራሩ ይኸውልህ። ሦስቱን ልኬት ታባዛለህ፣ ከዚያ ለቅርጹ ትቀንሳለህ፣ በመጨረሻ በ2.7 ታባዛለህ። ለቅርጹ ስንት ይቀነስ? ድብልብል ያለ፣ ጠርዝ የሚባል የሌለው ድንጋይ ሳጥን ቢሠራለት የሚሞላው ግማሹን ብቻ ነው፤ በትክክል ለመናገር 52 በመቶውን። ጎኑ ጠፍጠፍ ብሎ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ብዙ ጊዜ የምናየው ዓይነት ቋጥኝ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይሞላል። ከተራራ እንደ ጥርብ ድንጋይ ተሰንጥቆ የወጣ ጠፍጣፋ ከሆነ 80 እና 90 በመቶም ይደርሳል። ወደ አናቱ የሚሾል ከሆነ ደግሞ ከግማሽ በታች ነው፤ ፍጹም ሹል ፒራሚድ የሚሞላው ሲሶውን ብቻ ነው።

ያንተን እንየው። ድብልብል ከሆነ 1.12 በ0.52 በ2.7፣ ማለትም 1.6 ቶን ገደማ ነው። ጠርዛማ ከሆነ 1.12 በ0.7 በ2.7፣ ማለትም 2.1 ቶን። እኔ ብሆን 2.1 ብዬ ነው ማሽን የምጠራው። ምክንያቱም የምንፈልገው ትክክለኛውን ክብደት አይደለም። የምንፈልገው ጣሪያውን ነው፤ "የፈለገ ቢሆን ከዚህ አይበልጥም" ብለህ ገመዱንም፣ ማሽኑንም፣ መኪናውንም የምትመርጥበትን ቁጥር። ድንጋዩ 1.8 ሆኖ ከተገኘ ምንም አትጎዳም። 1.6 ብለህ 2.1 ሆኖ ከተገኘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

አለካኩንም ላንሳ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ሜትሩን ድንጋዩ ላይ አታስተኛው፤ ጉብታውን ተከትሎ ስለሚሄድ ልኬቱን ያረዝምብሃል። ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች በግራና በቀኝ ጫፉ አስጠግተህ ቀጥ አድርገህ አቁምና በእንጨቶቹ መካከል ያለውን ለካ። ለከፍታው ደግሞ ጣውላ አናቱ ላይ አጋድመህ በውሃ ልክ አስተካክል፣ ከጣውላው ሥር እስከ መሬት ለካ። ትንሽ የምትመስል ስህተት እዚህ ላይ ትባዛለች። በሦስቱም አቅጣጫ 10 በመቶ አሳንሰህ ብትለካ ክብደቱ ላይ የምትሳሳተው 10 በመቶ አይደለም። ትክክለኛው ክብደት አንተ ካገኘኸው በ37 በመቶ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ግማሽ ሜትር የሚሆን ክብ ድንጋይ ለአራት ሆነን እያንከባለልን ቦታው አድርሰናል። አሁን ደግሞ ልክ እንደሱ ክብ የሆነ፣ አንድ ሜትር የሚሞላ ሌላ አለ። እጥፍ ስለሆነ ስምንት ሰው ብንሆን እንችለዋለን አይደል?

መልስ፦ አትችሉትም፣ እባካችሁ አትሞክሩት። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ወርዱም እጥፍ ሆኗል፣ ጥልቀቱም እጥፍ ሆኗል። ሁለት በሁለት በሁለት ስምንት ነው። የመጀመሪያው 1.8 ኩንታል አካባቢ ነበር። ሁለተኛው 14 ኩንታል፣ ማለትም 1.4 ቶን ነው።

በእናንተ ስሌት ከሄድን ለአራት ሰው የሚሆነው ድንጋይ ስምንት ጊዜ ሲከብድ 32 ሰው ይፈልጋል። ሠላሳ ሁለቱ ቢመጡስ የት ይቆማሉ? የድንጋዩ ዙሪያ 3 ሜትር ከምናምን ነው፤ ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቢቆም ሞላ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ሎሚ ስለሚከፋፈል ነው። ቋጥኝ አይከፋፈልም። ክብ ድንጋይ ደግሞ አንዴ መንከባለል ከጀመረ፣ በተለይ መሬቱ ትንሽም ቢሆን ካዘነበለ፣ ከፊቱ የቆመ ሰው አይዘውም። ይህ ሥራ የማሽን ነው።

ስለ ክብ ድንጋይ ካነሳን አይቀር፣ እንጨት አቁሞ መለካት ለማይመቻቸው አንድ መንገድ ልንገራችሁ። ገመድ ወስዳችሁ የድንጋዩን ወገብ ዙሪያ ለኩ። ያንን ቁጥር በራሱ ሦስት ጊዜ አባዙና ለ60 አካፍሉ። የምታገኙት ሜትር ኩብ ነው። ለምሳሌ ዙሪያው 2.5 ሜትር ቢሆን 2.5 በ2.5 በ2.5፣ 15.6 ይመጣል። ለ60 ሲካፈል 0.26 ሜትር ኩብ ነው። በ2.7 ሲባዛ 0.7 ቶን፣ 7 ኩንታል። ድንጋዩ ሞላላ ከሆነ ዙሪያውን በሦስት አቅጣጫ ለኩ፦ አንድ ጊዜ በወገቡ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በአናቱና በሥሩ በኩል እየዞራችሁ፣ አንዱን በቁመቱ አንዱን በወርዱ። ሦስቱን አባዝታችሁ ለ60 አካፍሉ። ሞላላ በሆነ ቁጥር ይህ መንገድ ክብደቱን ትንሽ ያጋንናል፤ ማጋነኑ ግን ወደ ደህናው በኩል ነው።

ጥያቄ፦ በየቦታው "በ2.7 አባዙ" የሚል አነባለሁ። የኔ ድንጋይ ግን ጥቁር ሆኖ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ዓይነቱንም አላውቀውም። ለሱም ያው ቁጥር ይሠራል?

መልስ፦ ላይሠራ ይችላል፣ እህቴ፤ ጥያቄሽ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ጠጣር ግራናይት 2.6 ወይም 2.7 ነው። እብነ በረድም 2.7 ገደማ። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ባዛልት ከዚያ ይከብዳል፣ ከ2.8 እስከ 3። የኖራ ድንጋይ ሰፊ ነው፤ እንደ ጥቅጥቅነቱ ከ2.2 እስከ 2.7 ታገኚዋለሽ። የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ከ2 እስከ 2.6።

ያንቺ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ሳይሆን አይቀርም። ቀልጦ ሳለ ውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ እንደሆነ ቀርቶበት ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ እንደ አረፋው ብዛት ከ2.8 ጀምሮ እስከ 2 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ፑሚስ የሚባለው እንዲያውም ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ከመገመት መመዘን ይሻልሻል፣ ለመመዘን ደግሞ ቋጥኙን ማንሳት አያስፈልግም። የእጅ ጡጫ የምታክል ስባሪ ትበቃለች።

ተንጠልጥሎ የሚመዝን ሚዛን ያስፈልግሻል፣ ያ ዲጂታል የሆነው፣ ለሻንጣ የሚጠቀሙበት ዓይነት፤ ትንንሽ ክብደት በደንብ የሚያነብ ቢሆን ይመረጣል። ስባሪዋን በቀጭን ክር እሰሪና መዝኚያት። 1.1 ኪሎ ወጣ እንበል። አሁን ባልዲ ውሃ አቅርቢና ስባሪዋ ሙሉ በሙሉ እስክትሰምጥ አውርጃት፣ ታችውንና ጎኑን ሳትነካ ተንጠልጥላ ትቆይ። ሚዛኑ ይቀንሳል፤ 0.6 አነበበ እንበል። ልዩነቱ 0.5 ነው። የመጀመሪያውን ክብደት ለልዩነቱ አካፍይ፦ 1.1 ሲካፈል ለ0.5፣ 2.2። በቃ፣ ያንቺ ድንጋይ ማባዣ 2.2 ነው። ውሃ አንድ ነገር ሲሰምጥበት ወደ ላይ የሚገፋው የሰመጠው ነገር የያዘውን ቦታ በሚሞላ ውሃ ክብደት ልክ ስለሆነ ነው ሒሳቡ የሚሠራው። አርኪሜዲስ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የጻፈው ነው፣ ዛሬም ባልዲ ውስጥ አይዋሽም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ቀዳዳማ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ ስባሪዋን በስስ ፕላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልያት፣ አየር በመሃል እንዳይቀር። ሁለተኛ፣ ስባሪዋን የወሰድሽው ከላይኛው ቆዳ ነው። ፀሐይና ዝናብ የበላው ቆዳ ከውስጡ የሳሳ ሊሆን ይችላል። ካንድ ቦታ ብቻ አትውሰጂ፣ ከተቻለ ከሁለት ሦስት ቦታ ሞክሪና የከበደውን ያዢ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ በአንድ ሜትር ኩብ ላይ በ2.2 እና በ2.9 መካከል ሰባት ኩንታል አለ።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ዝናብ ሲመታው ይከብዳል?

መልስ፦ እንደ ድንጋዩ ነው። ግራናይትና ጥቅጥቅ ያለ ባዛልት ውሃ የሚገባበት ቦታ ስለሌላቸው ልዩነቱ አይታይም። ከአካሉ 20 በመቶው ባዶ ቀዳዳ የሆነ የአሸዋ ድንጋይ ግን ውሃ ከጠገበ በሜትር ኩብ 200 ኪሎ ይጨምራል። ከሁሉም የሚብሰው ሥሩ ላይ ተጣብቆ የሚወጣው ጭቃ ነው። ሳይነሳ በፊት ጥረጉለት።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግቢዬን ማስተካከል ይዣለሁ። መሃል ላይ አንድ ድንጋይ አለ፣ ከመሬት በላይ የሚታየው 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ወደ ጥግ ማዛወር አስቤ ልጆቼ "ትንሽ ነው፣ በዲጅኖ እናወጣዋለን" ይሉኛል። እኔ ግን አላመንኩም።

መልስ፦ እንኳንም አላመኑ። የተቀበረ ድንጋይ ላይ ከላይ የሚታየው ስለ ታችኛው ምንም አይነግርም። አንዳንዱ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሳህን ስስ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የታችኛው አለት ጫፍ ነው፣ ጨርሶ የማይነቀል።

መጀመሪያ ስፋቱን ይወቁ። ቀጭን ጠንካራ ብረት ያዘጋጁና ከሚታየው ጠርዝ አንድ ስንዝር ርቀው ወደ መሬት ይስደዱት። ድንጋይ ከነካ ትንሽ ራቅ ብለው ይድገሙት፣ ብረቱ ሳይነካ ዘልቆ እስኪገባ ድረስ። በዙሪያው እንዲህ እያደረጉ ብረቱ ያለፈበትን ቦታ ምልክት ቢያደርጉበት የድንጋዩ እውነተኛ ስፋት መሬቱ ላይ ተስሎ ያገኙታል። ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ፤ በዚያ በኩል የውሃ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ተቀብሮ እንዳልሆነ።

ቀጥሎ በአንዱ ጎን ብቻ ጠርዙ ወደ ውስጥ መታጠፍ እስኪጀምር ያስቆፍሩ። ወገቡ እዚያ ነው። ከላይ እስከ ወገቡ ያለውን ለክተው በሁለት ቢያባዙት የሙሉው ከፍታ መነሻ ግምት ይሆናል። ለምሳሌ ወገቡ ከአናቱ 45 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝና ስፋቱ በአንድ በኩል 1.1 ሜትር፣ በሌላው 1 ሜትር ቢሆን፣ ከፍታውን 90 ይበሉት። 1.1 በ1 በ0.9 በ0.6 በ2.7፣ 1.6 ቶን ነው። ልጆችዎ "ትንሽ ነው" ያሉት እሱን ነው። ደግሞ ይህ መነሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ከወገቡ በታች ያለው ከላይኛው ሊረዝም ስለሚችል ሥሩ እስኪታይ ድረስ ቁፋሮው አይቁም።

ሌላም አለ። ከእርጥብ ሸክላ አፈር ውስጥ ድንጋይ ሲነሳ አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል። ከሥሩ አየር እስኪገባ ድረስ ማሽኑ የሚታገለው ከድንጋዩ ክብደት በላይ ነው፣ ከዚያ ድንገት ይለቃል። ገመድ የሚበጠሰውም ማሽን የሚነቀነቀውም በዚያች ቅጽበት ነው። መድኃኒቱ ሳይቸኩሉ ዙሪያውን ቆፍሮ መጨረስ፣ ከዚያ በአንድ ጎን ቀስ ብሎ በማዘንበል ማላቀቅ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መሳብ አይደለም። ድንጋዩ ሲያዘነብል ሽብልቅ እንጨት ከሥሩ እየተከተለ ይግባ። እንጨቱን የሚያስገባው ሰው ረጅም ዘንግ ይዞ ይግፋው፣ እጁን ከሥር አይስደድ። ይህን ለልጆችዎ ደጋግመው ይንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ ሒሳቡን ሠርቼ 1 ቶን አካባቢ አገኘሁ። ግን በአንድ መንገድ ብቻ ማመን ከበደኝ። ማሽን ሳልጠራ ማረጋገጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ በዲጅኖና በጀሪካን። ከአንድ ቶን ብዙም ለማይበልጥ ድንጋይ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ለትልቅ ከሆነ ዲጅኖው ራሱ ይጎብጣል።

አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ወፍራም ዲጅኖ ጫፉን ከድንጋዩ አንድ ጎን ሥር አስገባ። ከጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ደልዳላና የማይንሸራተት መደገፊያ አድርግለት፣ ጠንካራ ግንድ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ። አሁን በሌላኛው ጫፍ ጀሪካን ውሃ ስቀልበት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ 20 ኪሎ ነው። ካልተነሳ ከሁለተኛው ጀሪካን በትንሽ በትንሹ እየሞላህ ጨምር። የድንጋዩ ጎን ከመሬት ንቅል ማለት ሲጀምር አቁም። ከመደገፊያው ወዲህ ያለው ክንድ 1.4 ሜትር፣ ወዲያ ያለው 0.1 ሜትር ስለሆነ ኃይሉ 14 ጊዜ ይባዛል። በ35 ኪሎ ከተነሳ ጎኑ ላይ የዋለው 490 ኪሎ ነው። የዲጅኖው የራሱ ክብደትም ስላገዘ 50 ኪሎ ያህል ጨምርበት፣ 540 በለው። አንድ ጎን ሲነሳ ሌላው ጎን መሬት ላይ ስለሚቀር ይህ ግማሹ ነው። በሌላኛውም ጎን ሞክረውና ሁለቱን ደምር። ያም 540 አካባቢ ከመጣ ድንጋይህ 1.1 ቶን ገደማ ነው። ሁለቱ ጎኖች በጣም ከተለያዩ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርክ፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጫፍ ያደላል ማለት ነው፣ ሲነሳም በዚያ በኩል ይዘቀዘቃል። ዲጅኖው ከተፈናጠረ መንጋጋ ይሰብራል፤ በላዩ አትንጠላጠል፣ ፊትህንም አታቅርብ። ጀሪካን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ሁለቱ መንገዶች ከተቀራረቡ በከበደው ሂድ። በጣም ከተራራቁ ልኬቱን ድገመው።

ጥያቄ፦ 2 ቶን የሚል የማንሻ ቀበቶ አለኝ። ድንጋዩ በደንብ ተለክቶ 1.8 ቶን ነው። አንቄ ላነሳው ነው፣ ይበቃኛል አይደል?

መልስ፦ አይበቃም። ቀበቶው ላይ የተጻፈው 2 ቶን ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል ነው። እንደ ሸምቀቆ አንቀህ ስታነሳ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፣ ማለትም 1.6 ቶን። ድንጋይህ አለፈው።

"ታዲያ ሁለት ቀበቶ አድርጌ በሁለት በኩል ልያዘው" ትል ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ማዕዘኑን አስተውል። ሁለቱ ቀበቶዎች ከመንጠቆው ወደ ድንጋዩ ሲወርዱ በተከፈቱ ቁጥር እያንዳንዱ የሚሸከመው ይጨምራል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ከወረዱ እያንዳንዱ 0.9 ቶን ነው የሚይዘው። ከአግድም 60 ዲግሪ ሲሆኑ 1.04 ቶን። በ45 ዲግሪ 1.27። በ30 ዲግሪ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን 1.8 ይሸከማል፤ ሁለት ቀበቶ አለኝ ብለህ ምንም አላተረፍክም። ከዚያ በታች የተዘረጋ ማሰሪያ ጨርሶ አይነሳበትም። ማዕዘን መለኪያ ከሌለህ በዓይን የምታውቅበት መንገድ አለ፦ ቀበቶዎቹ ድንጋዩን የያዙባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ከአንዱ ቀበቶ ርዝመት ጋር እኩል ከሆነ 60 ዲግሪ ነው። ርቀቱ ከቀበቶው ከበለጠ ረዘም ያለ ቀበቶ አምጣ።

በአውሮፓ ደረጃ የሚሠሩ ቀበቶዎች በቀለም ይለያሉ፤ ሐምራዊው 1 ቶን፣ አረንጓዴው 2፣ ቢጫው 3፣ ግራጫው 4፣ ቀዩ 5። ግን ቀለም ብቻ አይታመንም፣ የተሰፋበትን ምልክት አንብብ። ምልክቱ የተቀደደና የማይነበብ ቀበቶ ለድንጋይ አይሆንም። ድንጋዩ ስለት ያለው ጠርዝ ካለው ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስገባ፤ ጨርቅ ቀበቶ በስለታም ጠርዝ ላይ ተወጥሮ እንደ ክር ነው የሚቆረጠው።

ጥያቄ፦ የተከራየሁት ኤክስካቫተር 5 ቶን ነው። 2 ቶን ድንጋይ ማንሳት አያቅተውም አይደል?

መልስ፦ 5 ቶን ማለት የማሽኑ የራሱ ክብደት ነው እንጂ የሚያነሳው አይደለም። የሚያነሳው ክንዱ ምን ያህል እንደተዘረጋ ይወሰናል። ወደ ራሱ ሰብስቦ በፊት ለፊት የሚያነሳውን ክንዱን ዘርግቶ በጎን በኩል አያነሳም፤ በዚህ መጠን ባለ ማሽን ክንዱ ጨርሶ ሲዘረጋ አቅሙ ከአንድ ቶን በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ማሽኑ ውስጥ የማንሳት አቅም ሰንጠረዥ አለ። ሹፌሩን "ከዚህ እስከዚያ ርቀት፣ በጎን፣ ስንት ያነሳል?" ብለህ ጠይቀው። ሰንጠረዡ ያለ ባኬት የተሠራ ከሆነ የባኬቱም ክብደት ይቀነሳል፤ የሰንሰለቱና የመንጠቆውም እንደዚያው። ይህ ሁሉ ቁጥር ደግሞ ማሽኑ ደልዳላ መሬት ላይ ሲቆም ነው።

ሲነሳ የመጀመሪያዋ 10 ሳንቲ ሜትር ፈተና ናት። ድንጋዩ ከመሬት ንቅል ሲል ይቁም። የማሽኑ ሰንሰለት እግር በኋላ በኩል ከመሬት ከተነሳ፣ ወይም ድንጋዩ በማሰሪያው ውስጥ ከተንሸራተተ፣ ወዲያው ይውረድ። ሰው ሁሉ ደግሞ ከድንጋዩ ቁመት እጥፍ ርቆ ይቁም፣ ከሥሩ ብቻ ሳይሆን ሊወዛወዝ ከሚችልበት በኩልም።

ጥያቄ፦ ድንጋዩን በፒክአፕ ላመጣው ነው። ትንሽ ነው፣ 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ።

መልስ፦ 90 ሳንቲ ሜትር ድብልብል ድንጋይ 1.03 ቶን ነው። ብዙ ፒክአፕ የሚፈቀድለት ጭነት አንድ ቶን ወይም ከዚያ በታች ነው፣ እሱም ሹፌሩንና ተሳፋሪውን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። የመኪናህን መመሪያ ወይም በር ላይ ያለውን ጽሑፍ እይ። እኔ አልጭነውም። አነስተኛ የጭነት መኪና ፈልግ።

የጭነት መኪና ስታገኝም ድንጋዩ ከኋላ ጎማው ፊት እንዲያርፍ አድርግ፣ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። ሎደሩ ከላይ ለቆ እንዳይጥለው ንገረው፤ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ የወደቀ አንድ ቶን የመኪናውን ወለል ያጎብጣል። ከአራቱም አቅጣጫ ሽብልቅ ይመታበት፣ ከዚያ በሰንሰለት ይታሰር። በመንገድህ ላይ መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ካለ ባዶህን ስትሄድ ተመዘን፣ ጭነህ ስትመለስም ተመዘን። ልዩነቱ የድንጋዩ እውነተኛ ክብደት ነው። ከግምትህ ጋር አስተያየውና ለቅርጹ የወሰድከውን መቶኛ አርመው፤ ከዚያው ቦታ ለምታመጣቸው ቀሪዎቹ ድንጋዮች በዚያው መቶኛ አስላ።